ቁልፍ ከመግዛታችሁ በፊት በሩን እዩት

አራት ኪሎ አካባቢ ካለ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ቤት ተከራይቼ በገባሁ በሳምንቱ ቁልፍ ገዛሁ። ከባድ ነው። ባለ አራት ምላስ። ሻጩ «ይሄን ከገጠምክ በኋላ ለጥ ብለህ ተኛ» አለኝ። እኔም ለጥ ብዬ ተኛሁ።

ወር ሳይሞላ መክፈቻውን ታክሲ ውስጥ ጣልኩት። ሁለተኛው ያለው እቤት፣ መሳቢያ ውስጥ። በሩ ጋ ቆሜ ስንቆራጠጥ የጎረቤቴ ልጅ ወጣና «ጋሼ፣ ልሞክረው?» አለኝ። ቀጭን ልጅ ነው፣ ገና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። ሁለቴ በትከሻው ገፋው። በሦስተኛው በሩ ተበረገደ። ልጁ ራሱ ደንግጦ «እኔ ምንም አላደረግኩም እኮ!» አለ።

ቁልፉን አየሁት። ምንም አልሆነም። አራቱም ምላሶች እንደወጡ ናቸው። የተነቀለችው መቃኑ ላይ ምላሶቹን የምትቀበለዋ ስስ ቆርቆሮ ናት። በአራት አጫጭር ብሎን ተይዛ ነበር፤ አራቱም የበሰበሰ እንጨት ይዘው ወጥተዋል። ለቁልፉ ያን ሁሉ ብር ስከፍል ለመቃኑ አንድ ሳንቲም አላወጣሁም።

ከዚያ ወዲህ ቁልፍ መግዛት ያሰበ ጓደኛ ሲደውልልኝ የምነግረው ይህንኑ ነው። ሱቅ ከመሄድ በፊት በሩ፣ ከበሩም በፊት መቃኑ።

አንድ ነገር ላስቀድም። በአማርኛ በሩ ላይ የሚገጠመውም «ቁልፍ» ነው፣ ኪስ የሚገባውም «ቁልፍ» ነው። የሸሚዝ አዝራር ሳይቀር «ቁልፍ» ይባላል። ግራ እንዳንጋባ እዚህ ጽሑፍ ላይ የሚገጠመውን ቁልፍ፣ ኪስ የሚገባውን መክፈቻ እላለሁ።

ደረጃ 1፦ በሩንና መቃኑን ፈትሹ

በሩን በጣታችሁ አንኳኩት። እንደ ከበሮ ከጮኸ ሁለት ስስ ኮምፔንሳቶ መሐል ባዶ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ በር ለመኝታ ክፍል ይሆናል። ለውጭ በር ግን ምንም ዓይነት ቁልፍ ቢገጠምበት በእርግጫ ይቀደዳል። ደፈን ያለ ድምፅ ከሰጠ ጥሩ ነው። ቺፑድ ከሆነ ተጠንቀቁ። ቺፑድ ብሎን አይዝም፣ በተለይ እርጥበት ከነካው በኋላ።

ቀጥሎ መቃኑ። ካቻቢቴ ያዙና ምላሱ የሚገባበትን ቆርቆሮ ፍቱት። ከዚህ በኋላ መቀበያ እለዋለሁ። የብሎኑን ርዝመት እዩ። 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ከመቃኑ ቆዳ አላለፈም። በ7 ወይም በ8 ሴንቲ ሜትር ብሎን ቀይሩት። ከመቃኑ በስተጀርባ ያለው ብሎኬት ወይም ኮንክሪት ከሆነ ግንበኛው በፊሸር ግድግዳው ድረስ ያስገባላችሁ። መቀበያውንም ረዘምና ወፈር ባለ ብረት አስቀይሩት። ብረታ ብረት ቤት ሄዳችሁ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ላሜራ ቆርጠው ስድስት ቀዳዳ እንዲበሱላችሁ ብትጠይቁ ይሠሩላችኋል። ጉልበቱ በአንድ ቦታ ከማረፍ ይልቅ በስድስት ብሎን ይከፋፈላል።

በእኔ ግምት፣ ያላችሁ ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ ቢበቃ፣ ቁልፉን ትታችሁ ይህችን ላሜራ አሠሩ።

የላሜራ መቃን ያላቸው ቤቶች፣ ብዙ ኮንዶሚኒየሞች እንደዚያ ናቸው፣ ሌላ ችግር አለባቸው። መቃኑን አንኳኩት። ከጀርባው ሲሚንቶ ካልሞላ ብረቱ በፌሮ ሲፈለቀቅ ይተጣጠፋል። ምላሱ በሚገባበት በኩል ወፈር ያለ ብረት ማስበየድ ይረዳል።

ማጠፊያውንም አትርሱ። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ ማጠፊያው ውጭ ነው። የማጠፊያው ዘንግ በመዶሻ ተመትቶ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ሌባ ቁልፋችሁን ዞር ብሎም አያየውም፤ በሌላኛው ጎን ይገባል። መፍትሔው ቀላል ነው። በማጠፊያው በኩል በሩ ጠርዝ ላይ አንድ ወፍራም ብሎን አስገቡና ጭንቅላቱን በሰጌቶ ቁረጡት፤ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ይቅር። ፊት ለፊቱ መቃኑ ላይ ቀዳዳ አውጡለት። በሩ ሲዘጋ ብሎኑ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። አሁን ዘንጉ ቢወጣም በሩ አይነቀልም። ላይና ታች ሁለት ቦታ ብታደርጉት ይበቃል።

ደረጃ 2፦ ለኩ፣ ፎቶ አንሱ

«መደበኛ በር ነው» ብሎ ሱቅ መሄድ ሁለተኛ መመለስን ያመጣል። የሚለካው አራት ነገር ነው። የበሩ ውፍረት። ከእጀታው መሐል እስከ መክፈቻው ቀዳዳ መሐል ያለው ርቀት፤ 85 ሚሊ ሜትር በብዛት አለ፣ 72ም ያጋጥማል። ከበሩ ጠርዝ እስከ መክፈቻው ቀዳዳ መሐል ያለው ርቀት። በመጨረሻም በሩ ጠርዝ ላይ የሚታየው ረጅም ብረት ቁመትና ስፋት።

ከቻላችሁ አሮጌውን ቁልፍ ፈትታችሁ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ከሜትር ይሻላል። ሻጩም አይከራከራችሁም።

ደረጃ 3፦ የትኛው በር ምን ይፈልጋል

የግቢውን በር እናስቀድም። የግቢያችን ካንቸሎ ላይ ብዙ ጊዜ አንዲት ቀዳዳ አለች፤ እጅ አስገብቶ ከውስጥ መቀርቀሪያውን ለመክፈት። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ለሌባም ጭምር። ቀዳዳዋ ካለች ከውስጥ የሚንጠለጠለው ጓጉንቸር በላሜራ ሳጥን ይሸፈን። እጅና መክፈቻ ብቻ የሚያስገባ፣ ሰጌቶና መቁረጫ የማያስገባ ይሁን። በያጁ በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል።

ጓጉንቸር ስትመርጡ ትልቅነቱን አትዩ። የሚቆረጠው ቀለበቱ ነው። ቀለበቱ ወፈር ያለ፣ የተጠናከረ ብረት መሆኑ ላዩ ላይ የተጻፈበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሲዘጋ ብዙ ያልወጣ ይሁን። ቀለበቱ ረጅም ከሆነ መቁረጫም ፌሮም በቀላሉ ይገባበታል። የአውሮፓ ደረጃ ያለው ጓጉንቸር «ኢኤን (EN) 12320» የሚል ጽሑፍና ከ1 እስከ 6 የሆነ ቁጥር ይኖረዋል፤ 6 ጠንካራው ነው። ግን ደረጃ 6 ጓጉንቸር በእርሳስ ቅጥነት ባለ ማንጠልጠያ ላይ ማሰር ውሻን በክር እንደማሰር ነው። ማንጠልጠያው ከቀለበቱ ያላነሰ ይወፍር፤ ብሎኖቹ ደግሞ ሲዘጋ ከውጭ የማይታዩ ይሁኑ።

የቤቱ ዋና በር ላይ እንጨቱ ወይም ብረቱ ውስጥ የሚቀበር ቁልፍ ይሻላል። ላዩ ላይ በብሎን የሚለጠፈው በር ስትጎትቱ የሚዘጋ ቁልፍ እንደ ሁለተኛ እንጂ እንደ ብቸኛ አትቁጠሩት። ጫፉ የተሰየፈ ምላስ በራሱ ይዘጋል፤ በራሱ የሚዘጋውን ደግሞ በስስ ፕላስቲክ መግፋት ይቻላል። ቤት ስትለቁ የሚያስፈልገው አራት ማዕዘኑ ምላስ ነው፤ በመክፈቻ ካልሆነ የማይመለሰው። ሁለት ዙር የሚዞር ከሆነ ሁለቱንም አዙሩ። «ለአምስት ደቂቃ ነው» ብሎ ሳይቆልፉ ሱቅ መውረድ የሁላችንም በሽታ ነው።

መኝታ ቤትና ሽንት ቤት ላይ የተገኘው ይገጠም። እዚያ ገንዘብ አትጨርሱ።

ደረጃ 4፦ ሲሊንደሩ፣ የነገሩ ልብ

መክፈቻ የምናስገባበት ያ ትንሽ ነገር ሲሊንደር ይባላል። ዛሬ በሱቆቻችን የሞላው ዓይነት ሲታይ ከላይ ክብ፣ ከታች ደግሞ ወረድ ያለ ነው፤ ከጎን ባለ አንድ ረጅም ብሎን ይያዛል። ያን ብሎን ፈትታችሁ፣ መክፈቻውን ትንሽ ዞር አድርጋችሁ ስትጎትቱት ይወጣል። ሙሉ ቁልፍ መቀየር ሳያስፈልግ ሲሊንደሩን ብቻ መቀየር ይቻላል ማለት ነው። ይህን ብዙ ተከራይ አያውቅም። አዲስ ቤት ስትገቡ ለአከራዩ ነግራችሁ የራሳችሁን ሲሊንደር ግጠሙ፤ አሮጌውን በወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። ስትለቁ የእናንተን ይዛችሁ፣ የእሱን መልሳችሁ ትሄዳላችሁ። ካቻቢቴና አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ውስጡ እንዲህ ይሠራል። በተርታ የቆሙ ትንንሽ ዘንጎች አሉ፣ አምስት ወይም ስድስት። እያንዳንዳቸው ለሁለት የተከፈሉ ናቸው፤ ከኋላቸው ስፕሪንግ ይገፋቸዋል። መክፈቻ ሳይገባ ዘንጎቹ መንገድ ይዘጋሉ። ትክክለኛው መክፈቻ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ዘንግ በልኩ ያነሱታል፤ የተከፈሉበት ቦታ በሙሉ አንድ መስመር ላይ ይውላል፣ መሐሉ ይዞራል። አንዱ እንኳ በፀጉር ያህል ከጎደለ አይዞርም። ሐሳቡ ከጥንታውያን ግብጾች የእንጨት መዝጊያ ጀምሮ የነበረ ነው። ዛሬ የምናውቀውን ቅርጽ ያስያዘው አሜሪካዊው ሊነስ ዬል ነው፤ በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ.።

እንግዲህ ዘንግ በበዛ ቁጥር ሊኖሩ የሚችሉት የተለያዩ መክፈቻዎችም ይበዛሉ። ርካሹ ላይ ግን ጥቂት ናቸው። ተክለሃይማኖት አካባቢ ካሉት የሕንጻ መሣሪያ ሱቆች በአንዱ ይህን በዓይኔ አየሁት። ከአንድ ካርቶን ስድስት ጓጉንቸር አስወጣሁና ሻጩን «የአንዱን መክፈቻ በሌላው ልሞክር?» አልኩት። ሳቀ። «ሞክር፣ ምን ገዶኝ!» አለ። በአራተኛው ጓጉንቸር ላይ መክፈቻው ገባ፣ ትንሽ አንገራገረ፣ ዞረ። ቀለበቱ ጠብ አለ። ሻጩ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ «ይሄኛውን ካርቶን ተወው፣ ሌላ ላምጣልህ» አለኝ። ሱቅ ውስጥ ስትገቡ ይህችን ሙከራ ሳታፍሩ አድርጉ።

ደረጃ የተሰጠው ሲሊንደር ከሆነ ማሸጊያው ላይ «ኢኤን 1303» ይላል፤ አጠገቡ ስምንት ምልክቶች፣ ቁጥርም አንዳንዴ ፊደልም፣ ተደርድረው ታገኛላችሁ። ሁሉን ማወቅ አያስፈልግም። ሁለተኛውንና ሰባተኛውን እዩ።

ሰባተኛው የመክፈቻውን ጥብቅነት ይነግራችኋል። 1 ከሆነ አምራቹ እንዲያቀርብ የሚጠበቅበት 100 የተለያየ መክፈቻ ብቻ ነው። 6 ከሆነ 100,000። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዕድሜውን፣ ማለትም ስንት ጊዜ ተከፍቶና ተዘግቶ እንደተፈተነ ያሳያል። 4 ማለት 25,000 ጊዜ፣ 5 ማለት 50,000፣ 6 ማለት 100,000። ወደ ቤታችን እናምጣው። አምስት ሰው ያለበት ቤት በሩ በቀን 20 ጊዜ ቢከፈት በዓመት 7,300 ነው። በዚህ ስሌት 25,000 ከሦስት ዓመት ተኩል አያልፍም። 100,000 ከ13 ዓመት በላይ ይሄዳል። ዋጋው እጥፍ ቢሆን እንኳ የሚያዋጣው የትኛው እንደሆነ ሒሳቡ ይናገራል።

ፎርጅድ እቃ ላይም ቁጥር ይታተማል፣ እሱን አልክድም። ስለዚህ ቁጥሩን ካያችሁ በኋላ እጃችሁም ይፍረድ። እሱን ቀጥሎ እመጣበታለሁ።

የሲሊንደሩ ትልቁ ድክመት መሐሉ ነው። ያ ረጅም ብሎን የሚገባበት ቦታ ተበስቶ ስለቀጠነ፣ ጫፉ ከበሩ ወጣ ብሎ ከተገኘ በመቆንጠጫ ይዘው ሲጠመዝዙት እዚያ ላይ ይሰበራል። በሰከንዶች የሚያልቅ ሥራ ነው። መከላከያው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ርዝመቱን በልኩ መግዛት። ከብሎኑ ቀዳዳ መሐል ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ለየብቻ ይለካል፤ 30 በ30፣ 30 በ40 የሚባለው ይሄ ነው። ከእጀታው ሽፋን ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ውጭ መውጣት የለበትም። ሁለተኛ፣ ወፍራም የብረት ሽፋን፣ ብሎኖቹ ከውስጥ የሚገቡ። ከውጭ የሚፈታ ሽፋን ሽፋን አይደለም፣ ጌጥ ነው።

አሁኑኑ ተነሥታችሁ የበራችሁን ሲሊንደር በውጭ በኩል በጣት ንኩት። ጣታችሁን የሚያደናቅፍ ከሆነ ረዝሟል።

ከውስጥ በኩል ደግሞ በመክፈቻ ፈንታ በእጅ የሚዞር ጉጥ ያለው ሲሊንደር አለ። እኔ እሱን እመርጣለሁ፣ በሌባ ሳይሆን በእሳት ምክንያት። መስኮቶቻችን በሙሉ ፍርግርግ ብረት ናቸው። ሌሊት ኩሽና ቢያያዝ መውጫው በሩ ብቻ ነው። በጭስ ውስጥ፣ መብራት በጠፋበት፣ መክፈቻ መፈለግን አስቡት። ጉጡ የማይሆነው በሩ ላይ ወይም አጠገቡ እጅ የሚያስገባ መስታወት ሲኖር ነው፤ መስታወቱን ሰብሮ ከውስጥ ያዞረዋል። እንዲያ ከሆነ በሁለቱም በኩል መክፈቻ የሚጠይቀውን ግዙና ሌሊት ሌሊት አንዱን መክፈቻ ከመስታወቱ የራቀ፣ ቤተሰቡ በሙሉ የሚያውቀው ምስማር ላይ ስቀሉት።

ደረጃ 5፦ ሱቅ ውስጥ

«የቱርክ ነው»፣ «የጣልያን ኦሪጅናል»፣ «ይሄማ ቻይና ነው፣ ተወው»። ይህን ሁሉ ትሰማላችሁ። የአገር ስም ቁልፍ አይዘጋም። ከቻይና ጥሩም አለ፣ መናኛም አለ።

ከቤት ስትወጡ ትንሽ ማግኔት ኪሳችሁ ክተቱ። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ይሆናል። «ሙሉ ብራስ» የተባለው ሲሊንደር ገላው ላይ ማግኔቱ ጥብቅ ብሎ ከተጣበቀ ነሐስ የተቀባ ብረት ነው። ክረምቱን ሲያልፍ ይዝጋል። ካልተጣበቀ ግን ወዲያው ነሐስ ነው አትበሉ፤ የዚንክ ቅይጥም አይጣበቅም። ያኔ ሚዛን ይለየዋል። አንድ ዓይነት መጠን ያላቸውን ሁለት ሲሊንደሮች በሁለት እጃችሁ ያዙ። ነሐሱ ከበድ ይላል። ዚንኩ ቀለል ብሎ፣ ጠርዙም የቀለጠ ሻማ የመሰለ ልስላሴ አለው። በትራፓኖም ቶሎ ይበሳል።

ከዚያ አዙሩት። አንዴ አይደለም፣ ሃያ ጊዜ። በየመክፈቻው። ለስላሳ ሆኖ በየጊዜው አንድ ዓይነት ድምፅ ከሰጠ ጥሩ። አንዱ መክፈቻ ብቻ የሚያንገራግር ከሆነ ያ መክፈቻ በደንብ አልተቀረጸም፤ ነገ የሚሰበረው እሱ ነው። መክፈቻውን አስገብታችሁ ሳታዞሩ ወደ ላይና ወደ ታች ወዝውዙት። ብዙ የሚጫወት ከሆነ ተዉት። ምላሱን አውጡና በአውራ ጣት ወደ ውስጥ ግፉት። አራት ማዕዘኑ ምላስ ከተመለሰ አትግዙ። ሲወጣ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢወጣ ደስ ይለኛል።

የመክፈቻዎቹ ከረጢት የታሸገ ይሁን፤ ብዛቱን እዚያው ቁጠሩ። አምስት ተብሎ አራት ካገኛችሁ «ጎድሎ መጥቶ ነው» የሚለውን አትቀበሉ። ደረሰኝ ያዙ።

ምናለሽ ተራ የሚሸጠውን ያገለገለ ቁልፍስ? እንደ ቅናሽ እንጂ እንደ ስድብ አላየውም። ከአሮጌ ቤት የተነቀለ ጠንካራ የቁልፍ ገላ ዛሬ ካለው ብዙ አዲስ እቃ ይበልጣል። ሲሊንደሩን ግን አውጥታችሁ ጣሉት፤ መክፈቻው ማን ጋ እንዳለ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው።

በጣት አሻራና በቁጥር የሚከፈተውን በተመለከተ አጭር ልበል። በባትሪ ስለሚሠራ መብራት ሲጠፋ አይቆምም፤ ባትሪው ሲደክም ግን ማስጠንቀቂያውን ችላ ካላችሁ ውጭ ታድራላችሁ። ብዙዎቹ ለክፉ ቀን የተቀመጠች የመክፈቻ ቀዳዳ አላቸው። ከመግዛታችሁ በፊት የዚያችን ቀዳዳ ሲሊንደር እዩ። ፊቱ የስልክ ስክሪን መስሎ ቂጡ ላይ መናኛ ሲሊንደር ያለበት ሞልቷል። ሌባ በስክሪኑ አይገባም።

ደረጃ 6፦ ማስገጠም

አናጺው ላይ ቁሙ። ሥራውን ስለማያውቅ አይደለም፤ እንጨቱን ከልክ በላይ እንዳይቦረቡረው ነው። በሩ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ኖሮት ቁልፉ የሚቀበርበት ጉድጓድ 3 ሴንቲ ከወሰደ በሁለቱም ጎን የቀረው ግማሽ ግማሽ ሴንቲ ብቻ ነው። የበሩ አዲስ ደካማ ቦታ ያ ይሆናል። ቀጠን ያለ ቁልፍ ምረጡ፣ ወይም ሁለቱንም ጎን በላሜራ አስለብሱት።

መጀመሪያ በሩ ክፍት ሆኖ ይሞከር። ምላሱ ይውጣ፣ ይግባ፣ በሁሉም መክፈቻ። ከዚህ በኋላ ብቻ ይዘጋ። ሳይሞክር ዘግቶ ውጭ የቀረ አናጺ አውቃለሁ፤ መሣሪያው በሙሉ ውስጥ ነበር።

ሲዘጋ በሩን ሳትገፉና ሳትጎትቱ መዞር አለበት። «ትንሽ ገፋ አድርገህ ነው» የሚባል በር ላይ ምላሱ መቀበያውን እየፋቀ ነው። ምላሱ ላይ ሊፕስቲክ ወይም ጠመኔ ቀቡና ዝጉት፤ መቀበያው ላይ የት እንዳረፈ ያሳያችኋል። እዚያ ጋ በሞረድ ይስተካከል። ባለቤቴ ሊፕስቲኳ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አታውቅም።

እድሳት ላይ ያለ ቤት ከሆነ ጥሩውን ሲሊንደር አሁን አትግጠሙ። ቀለም ቀቢው፣ ኤሌክትሪሻኑ፣ ቧንቧ ሠራተኛው ሁሉ መክፈቻ ይቀባበላሉ። ርካሽ ሲሊንደር ይሥራላችሁና በመጨረሻው ቀን ይቀየር።

ደረጃ 7፦ መክፈቻው ማን ጋ ነው?

ፒያሳ በጃንጥላ ሥር የተቀመጠ ቁልፍ ቀራጭ የተለመደውን መክፈቻ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀርጽላችኋል። የማን እንደሆነ አይጠይቃችሁም፣ ሊጠይቅም አይችልም። ስለዚህ መክፈቻችሁ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ሰው እጅ ከገባ ተባዝቷል ብላችሁ አስቡ። ጎኑ ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ጠፍጣፋ መክፈቻ ሌላ ማሽን ስለሚፈልግ በየመንገዱ አይባዛም። ይሄ አንዱ ጥቅሙ ነው።

ስታስቀርጹ ኦሪጅናሉን ስጡ። ከቅጂ የተቀዳ ቅጂ ስሕተቱን ይወርሳል፤ በሦስተኛው ትውልድ ሲሊንደሩን መፋቅ ይጀምራል። አንዱን ኦሪጅናል ምንም ሳትጠቀሙበት አስቀምጡ፣ ለማስቀረጫ ብቻ። ቀራጩ ጋ ቆማችሁ ጠብቁ፤ ጠርዙን በሞረድ እንዲያለሰልሰውም ንገሩት።

መጠባበቂያውን የምታምኑት ሰው ጋ አኑሩ። አበባ ማስቀመጫ ሥር፣ ቆጣሪ ሳጥን ውስጥ፣ በረንዳ ላይ ያለ ጫማ ውስጥ አይሆንም። እኛ የምናውቀውን ሁሉም ያውቀዋል። እኔ መጠባበቂያዬን ታች ላሉት እማማ ሰጥቻለሁ። «ልጄ፣ ከመቀነቴ አይወጣም» አሉኝ። እስካሁን አልወጣም። አዲስ ቤት ያገኘ ሰው መክፈቻውን መዳፉ ላይ ዘርግቶ ፎቶ ሲለጥፍ ደግሞ እደነግጣለሁ። ከጠራ ፎቶ ላይ ጥርሱን ለክቶ መቅረጽ ይቻላል።

ደረጃ 8፦ እንክብካቤ

ቁልፍ ሲያንገራግር የምግብ ዘይት ጠብ ማድረግ የቆየ ልማዳችን ነው። ለሁለት ቀን ይሠራል። ከዚያ ዘይቱ ከአቧራው ጋር ተቦክቶ ሙጫ ይሆናል፤ ዘንጎቹ ይጣበቃሉ። በዘይት ፈንታ ለስላሳ እርሳስ ውሰዱ። መክፈቻውን ሁለቱንም ጎን፣ ጥርሱንም ጭምር፣ እስኪጠቁር በእርሳሱ ፈትጉት። አስገቡ፣ አውጡ፣ አዙሩ። አምስት ስድስት ጊዜ ድገሙት። የእርሳሱ ዱቄት ደረቅ ስለሆነ አቧራ አይዝም። በዓመት ሁለቴ፣ ክረምት ሳይገባና ሲወጣ፣ ይበቃል። ምላሱና ማጠፊያው ላይ ግን ግሪስ ይቀባል፣ ትንሽ።

መክፈቻው ሲከብዳችሁ በፒንሳ አታዙሩት። ውስጥ ከተሰበረ ሥራው ሌላ ነው። በሩን ክፍት አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ክፍት ሆኖ ከቀለለ ጥፋቱ የሲሊንደሩ ሳይሆን የመቀበያው ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ የእንጨት በር ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ምላሱም ከመቀበያው ጋር አልገናኝ ይላል። በዚህ ጊዜ አናጺ ጠርታችሁ አታስላጉት። ኅዳር ላይ እንጨቱ ሲደርቅ የተላገው ቦታ ፌሮ የሚያስገባ ክፍተት ይሆናል። መቀበያውን ብቻ በሞረድ ትንሽ አስፉትና ክረምቱ እስኪወጣ ታገሡት።